እንግዳ ያሳደረ ያሳውቅ

እኔ ፈሪ ነኝ። ይህን የምናገረው ሌላው ሰው ስኳር አለብኝ ወይም ጨጓራዬን ያመኛል እንደሚለው ነው፤ አላፍርበትም፣ አልኮራበትምም። በር ሲንኳኳ መጀመሪያ የማስበው ጫማዬ የት እንዳለ ነው። ቶሮንቶ፣ ሪጀንት ፓርክ በምኖርበት ሕንፃ የእሳት ደወሉ ሰው ሽንኩርት ባቁላላ ቁጥር ይጮኻል። ጎረቤቶቼ ወጣቸውን ማማሰል ይቀጥላሉ፤ እኔ ግን ፓስፖርቶቹን ጡቴ ሥር ወትፌ በደረጃ እወርዳለሁ። «ኡሚ፣ ፎልስ አላርም ነው እኮ!» ትለኝ ነበር ልጄ ከላይ ሆና። አውቃለሁ። ቢሆንም እወርዳለሁ።

ፓስፖርቶቹ የሚኖሩት ሩዝ ቆርቆሮ ውስጥ ነበር፣ በላስቲክ ተጠቅልለው፣ ከሩዙ ሥር። አንድ የእኔ፣ አንድ የሟቹ ባሌ፣ ሁለት የልጄ። ልጄ የካናዳም የኢንዶኔዥያም ዜጋ ነበረች። አባቷ ከጃቫ ደሴት፣ ከጃካርታ በስተደቡብ ካለው ተራራማ አገር፣ ከአንዲት የገጠር መንደር የመጣ ሰው ነው። ያ አገር እንደ እሷ ላሉ ልጆች ሁለቱንም ዜግነት ይፈቅዳል፤ ግን ለዘላለም አይደለም። ሃያ አንድ ዓመት ሳይደፍኑ አንዱን መጣል አለባቸው። ልጄ ሃያኛ ዓመቷን ስትይዝ ኬክ ቆረስን፣ ተሳሳቅን። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ።

ያቺን መንደር አውቃታለሁ፤ ከባሌም በፊት አውቃታለሁ። በወጣትነቴ ከአገር ቤት ስወጣ ደላላው «አውስትራሊያ አደርስሻለሁ» ብሎኝ ነበር። ያደረሰኝ ጃካርታ ነው፤ ከዚያ ስልኩን ዘጋ። የስደተኞች ቢሮ ስሜን መዝግቦ «ጠብቂ» አለኝ። ጠብቂ የተባለ ሁሉ ኑሮ ረከስ ወደሚልበት፣ አየሩም ቀዝቀዝ ወደሚለው ተራራ ይወጣ ነበርና እኔም ወጣሁ። መሥራት ክልክል ነው። ወደ ሌላ ከተማ መሄድ ክልክል ነው። ፖሊስ ሲያገኝሽ የምታሳዪው ተጣጥፎ የተቀደደ አንድ ወረቀት ብቻ ነው፤ ወረቀቱን የሚያከብር ፖሊስም አለ፣ የማያከብርም አለ። እንዲህ ሆኜ ዓመታት ጠበቅሁ።

መንደሯ ውብ ናት፤ ይህን ካልተናገርኩ ውሸታም እሆናለሁ። የሩዝ ማሳው በእርከን በእርከን ሆኖ ከተራራው እስከ ወንዙ ይወርዳል፤ ውሃው ካንዱ እርከን ወደሌላው ሲንዶለዶል ቀኑን ሙሉ ይሰማል። በየቤቱ ጓሮ የዓሣ ኩሬ አለ፣ በየኩሬው ዳር ሙዝ አለ። ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ይመጣል፣ ይጨርሳል፣ ይሄዳል፤ እንደኛ ክረምት አያንዛዛም። ይህን ሁሉ ያየሁት ግን በጎን ነው። ዓይኔ ሁልጊዜ የነበረው መግቢያው ላይ ነው።

መግቢያው ላይ ሰሌዳ አለ። በዚያ አገር በየሰፈሩ መግቢያ ተመሳሳይ ሰሌዳ ይሰቀላል፤ ትርጉሙም «እንግዳ ያሳደረ በአንድ ቀን ውስጥ ያሳውቅ» ማለት ነው። ጸጉረ ልውጥ ያሳደረ ሁሉ ለሰፈሩ አለቃ ይነግራል፣ አለቃው ከሱ በላይ ላለው ይነግራል። ከሰሌዳው አጠገብ ባለው የጥበቃ ዳስ ደግሞ ሆዱ የተቦረቦረ ግንድ ተንጠልጥሏል። ሌባ ሲገባ፣ ቤት ሲቃጠል፣ ሰው ሲሞት በዱላ ይመቱታል፤ ለእያንዳንዱ የራሱ አመታት አለው። የሰፈሩ ሰው ገና ከመጀመሪያው ድምፅ ነገሩን ይለየዋል። እኔ መለየት አልቻልኩም። ለእኔ ሁሉም «መጡልሽ» ነበር የሚለው። በሰማሁት ቁጥር በጓሮ ወጥቼ ኩሬው ዳር፣ ሙዞቹ መሃል፣ ጭቃው ላይ እቀመጥ ነበር።

ያከራዩኝ ሴት ባላቸው የሞተባቸው፣ ቁመታቸው ትከሻዬ ላይ የማይደርስ፣ መንገድ ዳር የተጠበሰ ሙዝ የሚሸጡ እናት ናቸው። ትልቁ ልጃቸው ከተማ ገብቷል፤ ትንሹ አብሯቸው እየኖረ በተራራው መንገድ ሚኒባስ ይነዳል። ከትንሹ ጋር ከሰላምታ ያለፈ ነገር አልነበረንም። አንድ ሰሞን ፖሊስ ቤት ለቤት እየዞረ የውጭ ሰዎችን ለቅሞ ሊወስድ ነው የሚል ወሬ ተነሳ። ወዲያው አንድ ጠዋት የሰፈሩ አለቃ እየዞረ እንግዳ ያለበትን ቤት ይጠይቅ ጀመር። እኔ እንደልማዴ ሙዞቹ መሃል ነበርኩ። ቋንቋቸውን ያን ጊዜ በደንብ እሰማ ነበር።

«እርስዎ ቤት እንግዳ አለ ይባላል» አላቸው።

«እኔ ቤት እንግዳ የለም።»

«ያቺ የውጭ አገሯ ሴትስ?»

«እሷማ የልጄ ሚስት ናት» አሉ። «ምራት ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው እንግዳ የምትባለው?»

አለቃው ይቅርታ ጠይቆ ሄደ። ከሰዓት በኋላ ልጃቸው ሚኒባሱን እየነዳ ሰፈር ሲገባ ዳሱ አጠገብ ሰዎች አስቁመው እንኳን ደስ ያለህ አሉት፤ ሳትነግረን፣ ሳትጠራን ብለውም ወቀሱት። ቤት ገብቶ ቆሞ ቀረ። እናቱን አየ፣ እኔን አየ። እኔ ጉልበቴ ላይ ያለው ጭቃ ገና አልደረቀም። እሳቸው ሙዛቸውን እየገለበጡ «እናትህን በሰፈር ሰው ፊት ውሸታም ልታደርጋት ነው?» አሉት። ሳምንት ሳይሞላ ኢማሙ መጥተው ኒካህ አሰሩልን። በፍርሃት ትዳር ይመሠረታል ወይ ብትሉኝ፣ የእኛ ተመሥርቷል። ፍቅሩ ኋላ መጣ፤ ሲመጣ ግን በደንብ አድርጎ መጣ።

ካናዳ ስትቀበለኝ እኔ ቀደምኩ፣ እሱ ተከተለኝ። ልጃችን ቶሮንቶ ተወለደች። እሱ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ይነዳ ነበር፣ እኔ ዳንፎርዝ አካባቢ ካለ ምግብ ቤት ጓዳ ገባሁ። ዜጋ መሆን በተፈቀደልኝ ጊዜ አንድ ቀን ሳላሳድር አመለከትኩ። መሐላው ላይ አለቀስኩ፤ ዳኛዋ ራሷ ሶፍት አምጥታ ሰጠችኝ። እሱ ግን አልማለም። ለሌላ አገር የማለ ሰው የኢንዶኔዥያ ዜግነቱ ይቀርበታል፤ ዜጋ ያልሆነ ሰው ደግሞ እዚያ መሬት በስሙ ሊይዝ አይችልም። በእነሱ ሰፈር ልማድ የወላጅ ቤት ለመጨረሻው ልጅ ነው። ቤቱ፣ ኩሬውና ከቤቱ እስከ ወንዙ ያሉት እርከኖች የሚጠብቁት እሱን ነበር።

«እኔ ከማልኩ ማን ይይዘዋል?» ይለኝ ነበር።

«አንተንስ እዚህ ማን ይይዝሃል?» እለው ነበር እኔ።

በዚህ ስንጨቃጨቅ ኖርን። ታላቅ ወንድሙ የራሱን ድርሻ ለከተማ ሰዎች ሸጦ ነበር፤ እነሱም እርከኑን ሞልተው ሲሚንቶ አፍስሰውበት፣ መዋኛ ያለው የመዝናኛ ቤት ሠሩበት። ትልቅ መንገድ ሊመጣ ነው ተባለ፤ ሌላውም መሸጥ ጀመረ። ባሌ በየጊዜው ስልኩ ላይ የመንደሯን ፎቶ እያየ አረንጓዴው ስንት እንደቀረ ያሳየኝ ነበር። እኔ የማየው እሱን ነው። ለጉብኝት በሄደ ቁጥር በፒአር፣ በቋሚ ነዋሪነት ካርድ የሚኖር ሰው በር ላይ ሊመለስ ይችላል እያልኩ እስኪመጣ እበላው የነበረ ምግብ አልነበረም። ሁልጊዜም ተመለሰ። የወሰደው ሌላ ነገር ነው፤ ከሦስት ክረምት በፊት አውቶቡሱን አቁሞ በረዶ ሲጠርግ ልቡ ቀጥ አለች። ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው የሙስሊሞች መቃብር ቀበርነው። መሬቱ በብርዱ ደርቆ በማሽን ነው የተቆፈረው።

አማቴ የደወሉት ኀዘኑ በረድ ካለ በኋላ ነው። አልለመኑም፤ ነገሩን ብቻ ነገሩን። ትልቁ ልጃቸው ገዥ አግኝቷል፣ የሳቸውን ሞት ይጠብቃል። ልጅቷ የእነሱን ዜግነት ከመረጠች ግን በቁማቸው በስሟ ያዞሩላታል፤ በዚያ ማንም ሊከራከር አይችልም። ካልመረጠች ይሸጣል። ልጄ «ኔኔክ፣ አስብበታለሁ» አለቻቸው። ኔኔክ በነሱ ቋንቋ አያት ማለት ነው። ለእኔ ደግሞ ዞር ብላ «በሰመር ሄጄ ቤቱን ልየው፤ ጀስት ሉክ ማድረግ ነው» አለች። ማየት ብቻ ማለቷ ነው። ያየ ሰው ምን እንደሚሆን እኔ አውቃለሁ።

ሄደች። በየቀኑ በቪዲዮ ትደውላለች። ኩሬው ውስጥ ቆማ፣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ፤ አያቷ ከኋላ ሆነው ይስቃሉ። አንድ ቀን እያወራን ከጀርባዋ ያ ግንድ ተመታ። እኔ ቶሮንቶ ነኝ፤ በእጄ የያዝኩት ሳህን ወድቆ ተሰበረ። ጫማዬን በዓይኔ ፈለግሁ። እሷ ጆሮዋን ቀስራ አዳመጠችና «ሰው ሞቷል፤ ኔኔክ፣ ማን ነው?» ብላ ስልኩን እንደያዘች ወደ ውጭ ሮጠች። አመታቱን ለይታዋለች። እዚያ ከሄደች ገና ወር አልሞላትም፤ እኔ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ያልለየሁትን ለየችው። ሰው ወደሚፈራው ድምፅ ስትሮጥ አየሁና ልጄን እንዳጣኋት ገባኝ።

ስትመለስ ሻንጣዋን ሳትፈታ ጓዳ ገብታ ተቀመጠች።

«ኡሚ፣ ዲሳይድ አድርጌያለሁ።»

«ምኑን?»

«ታውቂዋለሽ። እዚህ እኮ ቤት አይኖረኝም፣ ኔቨር። ጓደኞቼ ሁሉ ቤዝመንት ሬንት አድርገው ነው ያሉት። እዚያ ቤት አለኝ፣ ላንድ አለኝ። አባዬ ያን ሁሉ ዓመት የያዘው ለማን ነው?»

«ፓስፖርት ግን አይኖርሽም።»

«ይኖረኛል። የነሱ።»

«የነሱን ይዘሽ ቢያባርሩሽ የት ትገቢያለሽ?»

«ማነው የሚያባርረኝ? አገሬ ነው እኮ!»

«እኔም አገሬ ነው ብዬ ነበር» አልኳት።

እኔ ራሴ ያን ቃል ከአፌ በማውጣቴ ደነገጥኩ። ሃያ ዓመት ሙሉ ያልነገርኳት ነገር ነው። ጉንጬን ስማኝ ገብታ ተኛች፤ ሐሳቧን ግን አልቀየረችም። የአባቷ ልጅ ናት፤ ቀስ ብላ ነው የምትደርቀው።

እኛ ሕንፃ ውስጥ አንዲት የወሎ እናት አሉ፣ ብዙ ዘመን እዚህ የኖሩ። ሲጨንቀኝ የምሄደው እሳቸው ጋ ነው። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ልጄ ዜግነቷን ልትጥል ነው፣ እርስዎ አንድ ነገር ይበሏት አልኩ።

«አንቺ ስትወጪ እናትሽን አስፈቅደሻል?» አሉኝ።

«እትዬ፣ እኔ የመጣሁት እንዲያጽናኑኝ ነው።»

«ማጽናኛ ከሆነ ሻይ አለ፤ ላፍላልሽ።»

ተናድጄ ወጣሁ። ሻዩንም አልጠጣሁ። እንደተናደድኩ አማቴ ጋ ደወልኩ። በዚህ ሁሉ ዓመት ክፉ ቃል ተናግሬያቸው አላውቅም፤ ሙዞቹ መሃል ሆኜ የሰማሁት ድምፃቸው ነው በሕይወት ያቆየኝ። ያን ቀን ግን ጮኽኩባቸው። «እማዬ፣ ያለችኝ እሷ ብቻ ናት፤ ልጄን አይውሰዱብኝ» አልኳቸው። ስልኩ ላይ የውሃው ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር።

«ልጄን ስትወስጂ እኔም እንዲህ ፈርቼ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ብርዱ ይገድለዋል ብዬ ፈራሁ። ገደለውም። ግን አልከለከልኩሽም።»

ይቅር በሉኝ ማለት እንኳ አልቻልኩም። እሳቸው ናቸው «በልተሻል ወይ?» ብለው ወሬ የቀየሩልኝ።

በማግስቱ የሩዝ ቆርቆሮውን አውርጄ እጄን እስከ ክርኔ አስገባሁ፤ ሁለቱንም ፓስፖርቶቿን አውጥቼ ሰጠኋት። ሩዝ ተጣብቆባቸው ነበር፤ እሷ በጥፍሯ እየፈነቀለች አነሳችው። ማልቀሴን አይታ «ኡሚ፣ እየመጣሁ ቪዚት አደርጋለሁ፤ ኦልዌይስ» አለችኝ። የካናዳውን ዜግነት በፈቃዷ ተወች። ፀደይ ሲመጣ ሄደች። የሕንፃው ቢሮ ስሟን ከቤቱ ነዋሪዎች አወጣና፣ ብቻሽን ስለሆንሽ አነስ ያለ ቤት ሲገኝ ትዛወሪያለሽ አለኝ። ተራዬን እየጠበቅሁ ነው። መጠበቅ እችልበታለሁ።

ልትጠይቀኝ የመጣችው በሚቀጥለው ዓመት ነው። ለመምጣት ቪዛ ያስፈልጋታል። እዚሁ የተወለደች፣ ዳንዳስ ላይ በሚያልፈው የመንገድ ባቡር ትምህርት ቤት የተመላለሰች ልጅ፣ የእኔ የእናቷ የግብዣ ደብዳቤ ያስፈልጋታል። ተመልሳ እንደምትሄድም ማሳመን ነበረብን። እኔ እንድትቀር የምጸልየው ሴት፣ ልጄ አትቀርም ብዬ ጻፍኩ። ቪዛው እስኪመጣ ድረስ የከሳሁት ነገር አሁንም አልተመለሰም።

አውሮፕላን ማረፊያ ቀድሜ ደረስኩ። በረራው አረፈ። በሩ እየተከፈተ ሰው ይወጣል፤ የሷ አውሮፕላን ሰዎች መሆናቸውን ሻንጣቸው ላይ ካለው ወረቀት አየሁ። ወጡ፣ ወጡ፣ አለቁ። በሩ ተዘጋ። የሌላ በረራ ሰዎች መውጣት ጀመሩ። አንድ ወንበር ይዤ ቆምኩ። አንድ ክፍል ውስጥ አስገብተው ሲጠይቋት፣ ሲመልሷት ታየኝ። አንድም ሰው አልጠየቅሁም። በሕይወቴ ሁሉ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ጠይቄ አላውቅም። በሩ እንደገና ሲከፈት ብቻዋን ወጣች፣ ጠቁራ፣ ወዟ መጥቶ፣ በሙዝ ቅጠል ጠቅልላ የያዘችውን ነገር ልትወጣ ስትል እንደቀሟት እየተናገረች። «ሌላ ሰልፍ ነው ያስገቡኝ» አለች እየሳቀች፣ «የፎሪነሮቹን»።

ቤት ስንገባ ጫማዋን እንደዚያ አገር ልማድ በር ላይ አውልቃ ደረደረች። ዱሮ ቤት ውስጥ ባለችበት የምትወረውር ልጅ ነበረች። በማግስቱ ጠዋት ወደ ሕንፃው ቢሮ ልወርድ ተነሳሁ። እዚህም ደንብ አለ፤ ቤትሽ ሰው የሚሰነብት ከሆነ ማሳወቅ አለብሽ፤ ለእንግዳም የቀን ገደብ አለው።

«ኡሚ፣ ማንም አያይም፤ ስኪፕ አድርጊው» አለችኝ።

እኔ ስኪፕ የማደርግ ሰው አይደለሁም። አብራኝ ወረደችና ሊፍቱ አጠገብ ቆማ ጠበቀችኝ። መስኮቱ ጋ ያለው ልጅ ጨዋ ነው፤ ሁልጊዜ ቆሞ ነው የሚያነጋግረኝ።

«እንግዳ አለዎት?» አለኝ።

«እንግዳ የለኝም። ልጄ ናት።»

ኮምፒውተሩን አየ። «እዚህ ብቻዎን እንደሚኖሩ ነው የሚለው። አብራዎት ትኖራለች?»

አማቴ ትዝ አሉኝ። መጥበሻቸው ፊት ቆመው፣ ምራቴ ናት ሲሉ። አዎ፣ ትኖራለች ለማለት አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገኝ። አዎ ካልኩ በኋላ ሊመጣ የሚችለው ሁሉ ባንዴ መጣብኝ፤ ቤቱ፣ ቪዛዋ፣ ደብዳቤዬ።

«አትኖርም» አልኩት።

«እንግዲያው እንግዳ ናት» አለና ጻፈ።

እሳቸው ፈርተው ዋሹ፤ እኔ ፈርቼ እውነቱን ተናገርኩ። ወደ ሊፍቱ ስመለስ ልጄ ፊቴን አይታ እጄን ያዘችኝ። እጇ ሻክሯል፤ የአባቷ እጅ ነው የሆነው።

«ስንት ቀን ሰጡኝ?» አለችኝ።